የቢኔ ክብሪት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ታሪክ ረጅም መንገድ የተጓዘ ነውና አብረን ቀስ ብለን እንሂድ። ከፓሪስ ተነሥቶ ውቅያኖስ የተሻገረ፣ ስንቱን ደጅ ያንኳኳ፣ አንዱን ቤት አብርቶ ሌላውን ያቃጠለ፣ ዞሮ ዞሮም ከጎንደር ገጠር በተነሡ ልጆች ፊት የቀረበ ታሪክ ነው። ሲጀምር ግን በአንዲት የክብሪት እንጨት ጀመረ።

ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እየቆጠርሁ እሄዳለሁ። ዓመቱ 1905 ነው፤ ከተማው ፓሪስ። መነጽር ያደረገ ጢማም ሰው ከአንድ ሕፃን ፊት ለፊት ይቀመጥና ክብሪት ይጭራል፤ የተለኮሰችውንም እንጨት ከሕፃኑ ዓይን ፊት ቀስ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳታል፤ የሕፃኑ ዓይንና አንገት እሳቷን ተከትሎ ይዞር እንደሆነም ትንፋሹን ውጦ ያያል። ዓይኑ ከተከተላት የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ ቁራሽ ቸኮላታና ቸኮላታውን የሚያክል የእንጨት ቁራጭ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጥለትና የትኛውን እንደሚያነሳ ይጠብቃል። ከዚያም ጥያቄው እያደገ ይሄዳል፤ ከሁለቱ መስመሮች ረጅሙ የትኛው ነው? ሦስት ቁጥሮች ልንገርህ፣ ደግመህ በላቸው። ሹካ ምንድን ነው? ዝንብና ቢራቢሮ በምን ይለያያሉ? እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ይደርሳል።

ዛሬ አይኪው የምንለው መለኪያ፣ «የዚህ ልጅ አእምሮ ይህን ያህል ነው» የሚባልበት ቁጥር፣ የዘር ሐረጉ ቢቆጠር ከእነዚያ ሠላሳ ጥያቄዎች ይደርሳል። ሰውየው አልፍሬድ ቢኔ ይባላል። ክብሪቷን ለምን እንደለኮሳት ሳናውቅ፣ ከእሱ በኋላ የመጡት በእሳቷ ምን እንዳደረጉ አይገባንምና ከሰውየው እንጀምር።

ቢኔ የተወለደው በ1857 በባሕር ዳሯ ከተማ በኒስ ነው። አባቱ ሐኪም ነበር። እሱ ግን ሕግ አጠና፤ ተመርቆም ሕጉን ተወውና በፓሪሱ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ስለ ሰው ልቦና የተጻፈውን ያለ አስተማሪ ማንበብ ያዘ። ከዚያም ሳልፔትሪየር ወደሚባለው ሆስፒታል ሄደና በዘመኑ ስሙ በገነነው ሐኪም በሻርኮ ሥር ሆኖ መሥራት ጀመረ። በዚያም እሱና አንድ ባልደረባው የሚያስደንቅ ነገር ያገኙ መሰላቸው፤ በሂፕኖቲዝም በተኛች ሕመምተኛ አጠገብ ማግኔት ሲያዞሩ፣ በአንዱ ክንዷ ላይ የነበረው ሽባነት ወደ ሌላው ክንዷ ይሻገራል አሉ። ጻፉት፤ ተሟገቱለትም። ኋላ ግን ዴልቤፍ የሚባል የቤልጅግ ሊቅ መጥቶ አየና ነገሩን ገለጠው፤ ሕመምተኞቹ በፊታቸው የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ምን እንደሚጠበቅባቸውም ያውቃሉ፤ ሽባነቱን ያሻገረው የሐኪሞቹ ምኞት እንጂ ማግኔቱ አይደለም አለ። ቢኔም ጥቂት ዓመታት ከተከራከረ በኋላ በአደባባይ ተሳስቻለሁ ብሎ ተቀበለ።

ወገኖቼ፣ ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለንና። ሰው ሲፈተን የፈታኙን ፊት ያነባል። ፈታኙ በልቡ የያዘውን፣ ባይናገረውም፣ ተፈታኙ ከግንባሩ ላይ ያገኘዋል። ቢኔ ይህን ትምህርት በውርደት ገዝቶታልና እስኪሞት አልጣለውም።

ሆስፒታሉን ትቶም ቤቱ ገባ። በቤቱ ማድሌንና አሊስ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ማድሌን ታላቅ፣ አሊስ ታናሽ። መራመድ ሲማሩ ቁጭ ብሎ አያቸው። ማድሌን መደገፊያዋን ይዛ ትቆማለች፤ ዓይኗን ወደ ሌላ መደገፊያ ትልካለች፤ እንደምትደርስ ስታረጋግጥ ብቻ ለቀቅ ታደርግና ረጋ ብላ፣ ዝም ብላ፣ አንድ በአንድ ትራመዳለች። አሊስ ደግሞ እየሳቀች ምንም የሚያዝ ነገር ወደሌለበት ወደ ክፍሉ መሐል ትገባለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ትወድቃለች። አባት አንድ፣ እናት አንድ፣ ቤት አንድ፤ አረማመድ ሁለት። ሁለቱም ግን ሄዱ። ካደጉም በኋላ እየጠየቀ፣ የመለሱትን እየጻፈ ለዓመታት ተከታተላቸውና በ1903 የሁለቱን አስተሳሰብ በአንድ መጽሐፍ አወጣው። ከዚያ ሁሉ ልፋት የያዘው ነገር ቢኖር፣ ሁለት ልጆች በሁለት መንገድ ብልህ ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው።

በዚህ መሐል፣ በ1891፣ ሩዋን በምትባል ከተማ ባቡር ጣቢያ ላይ ሳለ የሶርቦን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ኃላፊ የነበረውን አንሪ ቦኒን ድንገት አገኘው። እናም ያለ ደመወዝ ልሥራልህ አለው። ቦኒም ተቀበለው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ቢኔ ራሱ ቤተ ሙከራውን ተረከበ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ብልህ ሰው ራሱ ትልቅ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቢኔም ይህንኑ ይዞ፣ የራስ መለኪያውን አንግቦ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ዞረ፤ መምህራን ጎበዝ ያሏቸውንም፣ ሰነፍ ያሏቸውንም ልጆች ጭንቅላት ለካ፣ ጻፈ፣ አነጻጸረ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ሆነበት። ይባስ ብሎ የገዛ እጁን ተጠራጠረው፤ የሚጠብቀውን አስቀድሞ ካወቀ፣ እጁ ሳያስታውቀው ወደዚያው ሲያደላ ያዘው። ስንቶቻችን እጃችንን እንዲህ እንይዛለን? እሱ ግን ያዘውና የራስ መለኪያውን ወዲያ አስቀመጠው።

እንግዲህ ወደ ክብሪቷ ደረስን። ፈረንሳይ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለልጆች ሁሉ ትምህርትን ነፃም ግዴታም አድርጋ ነበርና፣ ቀድሞ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠው የድሃ ልጅ ሁሉ ክፍሉን ሞላው። ከዚያም ትምህርቱን መከተል ያቃታቸው ልጆች ታዩ። ምን ይደረግ? በ1904 መንግሥት ኮሚሽን አቋቋመ፤ ቢኔም አባል ሆነ። የተለየ እገዛ የሚያስፈልገው ልጅ በምን ይታወቅ ተባለ። መምህሩ ይናገር ቢሉ፣ የሚረብሸውን ልጅ ሊገላገለው ይችላል። ወላጅ ይናገር ቢሉ፣ ልጄ ተነካብኝ ብሎ ይደብቃል። ሐኪም ይናገር ቢሉ፣ አንዱ ያወጣለትን ስም ሌላው አይደግመውም። ስለዚህ ቢኔ ከወጣቱ ሐኪም ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ፣ የማንንም ፊት የማያዩ ሠላሳ ጥያቄዎች ከቀላል ወደ ከባድ ደረደረ። በ1908 ደግሞ ጥያቄዎቹን በዕድሜ መደባቸው፤ ይህን የአራት ዓመት ልጅ ይመልሰዋል፣ ይህን የሰባት ዓመት ልጅ ይመልሰዋል ብሎ። በዚህም ልጁ ከእኩዮቹ ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደቀረ ታወቀ።

ነገር ግን አእምሮ እንደ አቡጀዲ በክንድ የሚለካ አይደለም አለ። ዛሬ የተገኘው ውጤት የዛሬ ነው እንጂ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም አለ። የሰው አእምሮ አንዴ ከተሰፈረ አይጨመርበትም የሚሉትን አጥብቆ ተቃወመ። ተቃውሞውም በአፍ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ኋላ ለቀሩት ልጆች በተከፈተው ክፍል ውስጥ ሥራ ጀመረ። ሥራውንም የአእምሮ ወጌሻነት ብለን ልንተረጉመው በምንችል ስም ጠራው፤ ወጌሻ የተጣመመውን አጥንት እያሸ እንደሚያቃና፣ እሱም የልጆቹን ትኩረትና ትውስታ እያሸ ሊያቃና።

ታዲያ ሥራው ጨዋታ ይመስል ነበር። አንዱ የሐውልት ጨዋታ ነው፤ መምህሩ ምልክት ሲሰጥ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት ድርቅ ይላሉ፤ በመጀመሪያው ቀን ሲስቁ፣ ሲወዛወዙ፣ ሲንጫጩ፣ ከሳምንታት በኋላ ግን ክፍሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ይላል። ሌላው ደግሞ ዘጠኝ ነገሮች የተለጠፉበት ሰሌዳ ነው፤ ለአምስት ሰከንድ ብቻ ይታይና ይሸፈናል፤ ልጆቹም ያዩትን በወረቀት ያሰፍራሉ። መጀመሪያ ጥቂቱን ነበር የሚያስታውሱት። በየቀኑ ሲለማመዱ ግን ጨመሩ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው አይደል?

አንድ ቀን የምክር ቤት አባላት ክፍሉን ሊጎበኙ መጡ። ሰሌዳው ሲገለጥና ሲሸፈን፣ ልጆቹም ጎንበስ ብለው ሲጽፉ አዩና፣ አንዳንዶቹ እስቲ እኛም እንሞክረው አሉ። ሞከሩ። ወደ ኋላ ቀሩ የተባሉት ልጆች የአገሩን ሕግ አውጪዎች በለጧቸው። ጓደኞቻቸው ሳቁባቸው፤ ቤቱ በጨዋታ ደመቀ። ቢኔ ታሪኩን ሲያወሳ ሰዎቹ ልምምድ እንዳልነበራቸው አልዘነጋም። እኔ ግን የልጆቹን ፊት ነው የማስበው። በሄዱበት ሁሉ አትችሉም ሲባሉ ኖረው፣ በዚያች ቀን ከወረቀታቸው ቀና ሲሉ ከፊታቸው የቆመው ትልቅ ሰው ወረቀቱ ጎድሎበት ሲያዩ፣ በማግስቱ ጧት ወደ ክፍሉ እንዴት ባለ እግር ሄደው ይሆን?

ቢኔ በ1911 በ54 ዓመቱ ሞተ። ክብሪቷም በሌሎች እጅ ቀረች።

አሁን መርከብ እንሳፈር። በ1908 ሄንሪ ጎዳርድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው አውሮፓን ሲዞር የቢኔን ጥያቄዎች አገኘ፤ ወደሚሠራበት ወደ ቫይንላንድ፣ ኒው ጀርዚ፣ ይዟቸው ተመልሶም ወደ እንግሊዝኛ መለሳቸው። የቢኔን ማስጠንቀቂያ ግን ከባሕሩ ማዶ ትቶት ሄደ። ለጎዳርድ የአእምሮ መጠን ከዘር የሚወረስ፣ አንዴ ከተሰጠ የማይለወጥ ነገር ነበር። በ1913 ረዳቶቹን ወደ ኤሊስ ደሴት ላከ። ኤሊስ ደሴት በኒው ዮርክ ወደብ ላይ ያለች፣ ያኔ ከአውሮፓ የሚመጣው አብዛኛው ስደተኛ የሚያልፍባት በር ነበረች። እስቲ ሰውየውን አስቡት፤ የሩሲያ ወይም የጣልያን ገበሬ ነው፤ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ስንት ቀን በማዕበል ተንጦ፣ ሳይተኛ፣ ፈርቶ፣ ጓዙን በትከሻው ይዞ በዚያ ሰፊ አዳራሽ ቆሟል። አንዲት የማያውቃት ሴት ከሰልፍ ታወጣውና በአስተርጓሚ ትጠይቀዋለች፤ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? በሕይወቱ ብዕር ጨብጦ ለማያውቅ እጅ ብዕር ይሰጠዋል፤ ይህን ሥዕል አስመስለህ ሣል ይባላል። የጎዳርድ ውጤት በ1917 ሲታተም፣ ከተፈተኑት ከየአገሩ ሰዎች ከአራቱ ከሦስት የሚበልጡት አእምሯቸው ደካማ ነው የሚል ሆኖ ወጣ። የተፈተኑት በጣም ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸው የጠፋው ግን ሕዝቦች ናቸው።

በመሐሉ ዊልያም ስተርን የተባለ ጀርመናዊ በ1912 የአእምሮን ዕድሜ ለትክክለኛው ዕድሜ እናካፍለው አለ፤ በ1916 ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ልዊስ ተርማን ፈተናውን አስፍቶ፣ የተካፈለውን በመቶ አባዝቶ አወጣው። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ከመለሰ ቁጥሩ 80 ሆነ። የቢኔ ልጅ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ፣ ነገ የሚደርስ ልጅ ነበር፤ አሁን ግን ሰማንያ ሆነ። ቁጥሩ ከልጁ ተለይቶ ብቻውን መሄድ ጀመረ።

ከዚያማ ጦርነት መጣ። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ ሮበርት የርክስ የሚመራው ቡድን 1.7 ሚሊዮን ያህል ወታደሮችን ፈተነ። ማንበብ ለሚችለው አንድ ወረቀት፣ ለማይችለው ሌላ ወረቀት። ለማይችለው የተዘጋጀው ሥዕል ነበር፤ የጎደለውን ሙላ ይላል። አንዱ ሥዕል መረቡ የጎደለ የቴኒስ ሜዳ ነው። ቴኒስ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የበግ እረኛ ምን ይሙላ? ከዚያ ወረቀት ክምር ላይ ተነሥቶ ካርል ብሪገም በ1923 መጽሐፍ ጻፈና ዘርን ከዘር አበላለጠ። በ1924 አሜሪካ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ ለሚመጣው ስደተኛ በሯን አጠበበች፤ ያን ሕግ የወለደው ፈተናው ብቻ አይደለም፤ ጥላቻው ቀድሞ ነበር፤ ፈተናው ግን ለጥላቻው የሳይንስ ካባ ደረበለት። ብሪገም በ1930 የጻፍሁት መሠረት የለውም ብሎ በጽሑፍ ተመለሰ። ጎዳርድም በ1928 ከቀድሞ አቋሙ ብዙውን ለቀቀ። እግዜር ይስጣቸው፤ ግን በሩ የተዘጋበት ሰው በሩ እንደተዘጋበት ቀረ።

አንዲት ሴት ላስታውሳችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የምትኖር ካሪ በክ የምትባል ድሃ ወጣት ነበረች። እሷም እናቷም አእምሯቸው ደካማ ነው ተብለው በአንድ ተቋም ተዘጉ፤ ለማስረጃነትም ከቢኔ ጥያቄዎች የተወረሰው ፈተና ቀረበባቸው፤ የካሪ አእምሮ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው ተባለ። ካሪ ቪቪያን የምትባል ሕፃን ነበረቻት። ሕፃኗ ገና ጥቂት ወራት ሲሆናት አንዲት ሠራተኛ መጥታ አየቻትና ልክ አትመስለኝም አለች። በቃ፤ አያት፣ እናት፣ ልጅ ተቆጠሩ። በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ካሪ ከእንግዲህ እንዳትወልድ ትመከን ብሎ ፈረደ፤ በዚያው ዓመትም ተፈጸመባት። ቪቪያን ግን አደገች፣ ትምህርት ቤት ገባች፤ ከክፍሏ በጥሩ ውጤት ስማቸው ከሚጠራ ተማሪዎች ጋርም ተመዘገበች። ስምንት ዓመት ሲሆናት ታመመችና ሞተች። ካሪ ሌላ ልጅ አልወለደችም። የሕፃኗን አእምሮ በሰባት ወሯ አይተው የፈረዱ ሰዎች፣ የቢኔን ክብሪት ለማየት ሳይሆን ለማቃጠል ነበር የጫሩት።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እንዲህ አስቀምጬ አላቆያችሁም ነበር። እስቲ ወደ ፓሪስ እንመለስ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1919፣ ዣን ፒያዤ የሚባል ወጣት ስዊዛዊ ፓሪስ ገባ። የቢኔ ጓደኛ ሲሞን በቢኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥራ ሰጠው፤ ከእንግሊዝ አገር የመጡ ጥያቄዎችን ለፓሪስ ልጆች እያቀረበ ትክክልና ስሕተት እየቆጠረ እንዲመዘግብ። አሰልቺ ሥራ ነው። ፒያዤ ግን ከትክክሉ ይልቅ ስሕተቱ ያዘው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት በዘፈቀደ አልነበረም፤ አንድ ዓይነት ስሕተት ይሳሳታሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ጎን አደረገና ከልጆቹ ጋር ወግ ያዘ፤ ለምን እንዲህ አልህ? እንዴት አሰብሽው? እያለ። ከዚያ ወግ የፒያዤ የዕድሜ ልክ ሥራ ተወለደ።

ኋላ ፒያዤ ወደ አገሩ ተመልሶ በጄኔቭ ሲያስተምር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ሮይቨን ፎየርስታይን የሚባል የሩማንያ አይሁዳዊ እዚያ ሊማር መጣ። ፎየርስታይን ከናዚ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆችን ያስተማረ ሰው ነው። እነዚያ ልጆች በተለመደው ፈተና ሲለኩ ወድቀው ይገኛሉ፤ አብሯቸው ሲቀመጥ፣ ሲያሳያቸው፣ ሲመልሱ ሲያበረታታቸው ግን ፈተናው ያላየውን ያይባቸዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጠው። ይህ ልጅ ምን ያውቃል ማለቱን ተወና፣ ሲያሳዩት ምን ያህል ይማራል አለ። አፈታተኑም ተለወጠ፤ መጀመሪያ ይፈትናል፣ ከዚያ ያስተምራል፣ ከዚያ መልሶ ይፈትናል፤ መለኪያውም በሁለቱ ፈተናዎች መካከል የተገኘው ለውጥ ነው። ፈታኙ እንደ ዳኛ ፊት ለፊት አይቀመጥም፤ ከልጁ ጎን ተቀምጦ አንድ ወረቀት አብረው ያያሉ።

እነሆ አሁን ወደ እኛ ሰዎች ደረስን። በ1984 ማብቂያና በ1985 መጀመሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ተነሥተው፣ ሌሊት ሌሊት በእግር እየሄዱ፣ ሱዳን ገብተው፣ በሱዳን መጠለያ ብዙ ሰው ቀብረው፣ ዘመቻ ሙሴ በተባለው ዘመቻ በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። ከእነሱ ጋር የመጡ ልጆች ነበሩ። በዚያ ጉዞ ውኃ የት እንዳለ የለዩ፣ ታናናሾቻቸውን ያዘሉ፣ እናታቸው ስፌት ስትሰፋ ጥለቱን እየቆጠሩ ያደጉ ልጆች። እነዚህ ልጆች ተፈተኑ። ፈተናው የሬቨን ፈተና ይባላል፤ ቋንቋ የለበትም፤ በመደዳ የተሣሉ ቅርጾች አሉ፣ አንዱ ቦታ ባዶ ነው፣ ከሥር ከተደረደሩት መካከል ለባዶው የሚሆነውን ምረጥ ይላል። ቋንቋ የለበትም ማለት ግን ልማድ የለበትም ማለት አይደለም። የልጆቹ ውጤት ከእስራኤል ልጆች በእጅጉ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

እንግዲህ አስቡት፤ ኤሊስ ደሴት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚሁ አብቅቶ ነበር። የፎየርስታይን ቡድን ግን ከልጆቹ ጎን ተቀመጠ። ወረቀቱ እንዴት እንደሚነበብ፣ ረድፉ ወደ ጎንም ወደ ታችም እንደሚሄድ፣ ከመቸኮል በፊት ማነጻጸር እንደሚገባ በአጭር ጊዜ ልጆቹን አስተማሯቸው። ከዚያ መልሰው ሲፈትኗቸው ያ ሁሉ ልዩነት እጅግ ጠቦ ተገኘ፤ የተማሩትንም ወደ ሌላ ዓይነት ጥያቄ አሻገሩት። ልጆቹ ከመጀመሪያው ፈተና እስከ ሁለተኛው ድረስ አእምሮ አልቀየሩም። የተቀየረው ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ነው።

ይህ ለእነዚያ ልጆች ብቻ የተደረገ ተአምር እንዳይመስላችሁ። ጄምስ ፍሊን የሚባል ሊቅ በ1987 የ14 አገሮችን የፈተና መዝገብ ሰብስቦ ሲያየው፣ ነጥቡ ከትውልድ ትውልድ ከፍ እያለ ሲሄድ አገኘው። የልጅ ልጅ ከአያቱ በዘር አልተለየም፤ ትምህርቱና ኑሮው ነው የተለየው።

ኋላ እንመለስባታለን ያልኋት ነገር አለች፤ ሰው ሲፈተን የፈታኙን ፊት ያነባል ብዬ ነበር። ችሎታ ብቻውን አይሄድም፤ የሚያስኬደው ፍላጎት ነው፤ ፍላጎት ደግሞ ከሰው ፊት ይቀዳል። በ1973 በዚያው በተርማን ዩኒቨርሲቲ፣ በስታንፎርድ፣ በመዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ሥዕል መሣል የሚወዱ ልጆች ተመረጡ። አንዳንዶቹ ከሣላችሁ የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ ተባሉ። ሣሉ፣ ተሸለሙ። ለሌሎቹ ሽልማቱ ሳይነገራቸው በድንገት ተሰጣቸው፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ ሽልማት ተብሎላቸው የሣሉት ልጆች ከሌሎቹ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ብቻ ሣሉ። ለደስታቸው ይሣሉ የነበሩት ለሪባን መሣል ጀምረው፣ ሪባኑ ሲቀር ደስታውም አብሮ ቀረ።

በ1998 ደግሞ ሙለርና ድዌክ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ያንኑ የሬቨን ፈተና ሰጧቸው። መጀመሪያ ቀላሉን ሠሩ። ከዚያ ለአንዱ ልጅ ብልህ ስለሆንህ ነው አሉት፤ ለሌላው ጠንክረህ ስለሠራህ ነው አሉት። ለእያንዳንዱ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ከባዱን ሰጧቸውና ሁሉም ወደቁ። ቀጥሎ ቀላሉን መልሰው ሲሰጧቸው፣ ጠንክረሃል የተባሉት ተሻሻሉ፤ ብልህ ነህ የተባሉት ከመጀመሪያውም ወርደው ተገኙ። በመጨረሻም ሌላ ትምህርት ቤት ላለ ለማያውቁት ልጅ ስላደረጉት ነገር ጻፉለት፣ ውጤታችሁንም ንገሩት ተባሉ። ብልህ ከተባሉት ከአሥሩ አራት ገደማ ውጤታቸውን ከፍ አድርገው ጻፉ። የማያዩትን፣ የማያያቸውን ልጅ ዋሹት። ብልህ ነህ ብለን ያከበርነው ልጅ፣ ያችን ስም እንዳያጣት ሲል ዋሸ።

ወገኖቼ፣ መሸ፤ እኔም ወደ ማብቂያው ደርሻለሁ። በእኛ ቤት ልጅ የሪፖርት ካርዱን ይዞ ሲገባ የምንጠይቀውን ታውቃላችሁ፤ ስንተኛ ወጣህ? አባት ይጠይቃል፣ አያት ትጠይቃለች፣ ጎረቤትም በአጥር ብቅ ብሎ ይጠይቃል። አንደኛ ከሆነ ይሳማል፤ ሃያኛ ከሆነ ካርዱን ከጀርባው ይዞ በር ላይ ይቆማል። ያ ካርድ የተርማን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከልጁ ቀድሞ ቤት ይገባል። መለካት ይቅር አላልሁም፤ ቢኔም አላለም። ክብሪት ካልተጫረ በጨለማ የተቀመጠው ልጅ አይታይምና። ግን የምንጭረው እጁን ለመያዝ ይሁን።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ልጃችሁ ካርዱን ይዛ ስትገባ፣ ካርዱን ተቀበሏትና እጠፉት፤ ነይ፣ የትኛው ጥያቄ ነው የከበደሽ? በሏት። ደብተሯን ታውጣ። ከጎኗ ተቀመጡ። ስታወጣው ዓይኗ ወደ ደብተሩ ሳይሆን ወደ ፊታችሁ እንደሚሄድ ታያላችሁ፤ የተለኮሰች ክብሪት እንደሚከተል ሕፃን፣ ቀስ ብላ፣ ፊታችሁ ወደ ዞረበት ትዞራለች።